ዓርብ ሳይመሽ ደውዪላቸው

ሚጣዬ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። አንቺም ጠፍተሻልና በዚህ ላይ ብዙ አንነጋገር። ይቅር በይኝ፣ እኔም ይቅር ብዬሻለሁ፣ አለቀ። ልትቆጪኝ ካማረሽ ስንገናኝ ይደርሳል። አሁን የሚቸኩል ነገር አለኝ።

ኢየሩሳሌም ነኝ። ለፋሲካ ከተሳላሚዎች ጋር መጣሁ። ጎልጎታን፣ ዴር ሡልጣንን፣ ቤተ ልሔምን ተሳለምኩ። ስምሽን ጠርቼ ሻማ አብርቻለሁ። የዚያን ወሬ ለብቻው እጽፍልሻለሁ። ጓደኞቼ ሲመለሱ እኔ ቀረሁ። አሁን ያለሁት ቂርያት መናሔም የሚባል ሰፈር፣ እማማ ቤት ነው። የወለቃዋ እማማ፣ ጎንደር ሳለን ጎረቤታችን የነበሩት ቤተ እስራኤሏ። የኛዋ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እማማ አርጅተዋል። ጉልበታቸው ደህና ነው፤ ደረጃውን ከእኔ ቀድመው ይወጣሉ። የከዳቸው ሐሳባቸው ነው። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ብዙም አያስታውቅባቸውም። የልጅ ልጆቻቸውን ስም ያቀያይራሉ እንጂ ሰው ይለያሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ነጭ ቀሚሳቸውን ይለብሳሉ፣ ነጠላቸውን ያጣፋሉ፣ በሩ ላይ ይቆሙና ልጆች መቁጠር ይጀምራሉ። ያ ዓርብ የመጣ ይመስላቸዋል።

የትኛው ዓርብ እንደሆነ እዚህ ከመጣሁ ነው በደንብ የገባኝ። ከወለቃ ተነሥተው አዲስ አበባ ከወረዱ በኋላ ያለውን እኔና አንቺ የት እናውቃለን? ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። በእስራኤል ኤምባሲ ግቢ የተሰበሰበውን ቤተ እስራኤል አውሮፕላኖች ወደዚህ ማመላለስ ጀመሩ፤ ሌሊቱንም ቅዳሜንም ሲበሩ ዋሉ። በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው አሻገሩ። ወንበራቸው ተነቅሎ ሰው እንደ እህል ተጠጋግቶ የተጫነባቸው ነበሩ። ቤተሰብ እንዳይጠፋፋ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይለጠፍባቸው ነበር። የእማማ ልጅ ግንባሯን እየነካች አሳየችኝ፤ «እዚህ ጋ» አለችኝ።

አስቢው እንግዲህ። እማማ እኮ በሰንበት ወንዝ የማይሻገሩ ሴት ናቸው! የሰንበት ውሃቸውን ዓርብ ቀድተው የሚያስቀምጡ፣ ምድጃቸውን ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚያጠፉ። እኒህ ሴት በሰንበት ባሕር ተሻገሩ። ነፍስ ለማዳን ነው፣ ተፈቅዷል ተብለው ነው የተሳፈሩት። «ልጆቼን ስቆጥር አነጋሁ» ይላሉ። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጥራሉ።

ሲቆጥሩ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጎድላቸዋል። የምትጎድለው አንቺ ነሽ። «ሚጣስ? ያቺ የጎረቤት ልጅ ወንዝ ወርዳ ቀረች እኮ!» ይላሉ። የወንዙን ነገር እኔም አንቺም እናውቀዋለን፤ አልደግመውም። ልጃቸው «ሚጣ አሜሪካ ናት፣ ወልዳለች፣ ደህና ናት» ብትላቸው አይሰሙም። ሻማው በርቶ፣ ሁሉም ቆሞ እየጠበቃቸው፣ እሳቸው ከበሩ አይነቀሉም። እኔን ግን አንድ ቀንም ጎደለች ብለው አያውቁም፤ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

አንቺ ደግሞ ኩርፊያ ላይ ነሽ አሉ። ልጃቸው ነገረችኝ። «ደጋግሜ ደወልኩ፣ ስልክ አላነሳ አሉኝ፣ ትተውኛል» ብለሽ መልእክት ልከሽላት ነበር። እሷም መልሳልሽ ነበር፤ አላየሽውም መሰለኝ። ሚጣዬ፣ አንቺ የምትደውዪው ዓርብ 8 ሰዓት ከሥራ ስትወጪ ነው። ሜሪላንድ 8 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ሰንበት ከገባ ቆይቷል። ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቢጮህም ማንም አይነካውም። የተወሽ ሰው የለም። ስልኩ ሲጮህ እማማ «ማነው?» ብለው ወደ መሳቢያው ሲዞሩ ባለፈው በዓይኔ አይቻለሁ። አንቺ ብትሆኚስ ብዬ ሆዴ ተላወሰ።

እኔ ዓርብን እዚህ ነው የተማርኩት። ወለቃ እያለን ከአጥሩ ወዲህ ሆነን ነበር የምናየው። ለሰንበት ከወንዝ ታጥበው ሲመለሱ፣ ንጽሕናቸው እንዳይፈርስ እንዳንነካቸው እንርቅ ነበር፤ እሳቸውም ከሩቅ በእጃቸው ሰላም ይሉን ነበር። አሁን ግን ውስጥ ነኝ። ሽንኩርቱን የምከትፈው እኔ ነኝ!

ሥራው የሚጀምረው ሐሙስ ማታ ነው። የዶሮው ቁሌት ያኔ ይጣዳል። ዓርብ ጠዋት ደግሞ ከልጅ ልጃቸው ጋር ማሐኔ የሁዳ ገበያ እንወርዳለን። ልጅቷ ወታደር ናት፤ ለሰንበት ነው ቤት የምትመጣው። ጠመንጃዋን በጀርባዋ አንግታ፣ ባለ ጎማውን የገበያ ቦርሳ በአንድ እጇ እየጎተተች፣ በሌላው እኔን ይዛ ሰዉን ትሰነጥቃለች። አማርኛዋ ጉራማይሌ ነው፤ «አክስቴ፣ እዚህ ቲማቲም ውድ ናት፣ ፊት ሂጂ» ትለኛለች። ሲያስደስተኝ!

ገበያውን ብታይው። የተጎነጎነው ዳቦ ተራራ አክሏል። ዓሣው፣ ወይራው፣ ሐላዋው። ሰዉ ሁሉ አበባ ይዟል፤ ጎረምሳው ሳይቀር ለእናቱ አበባ ገዝቶ ይሄዳል። ሻጮቹ ይጮኻሉ። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ዋጋው ይወርዳል፣ ጩኸቱ ይጨምራል። ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሰዎች በየሱቁ እየዞሩ «ሰንበት እየገባ ነው፣ ዝጉ» ይላሉ። ሻጩም በአንድ እጁ እየዘጋ በሌላው ይመዝናል።

አንድ ቅጠላ ቅጠል የሚሸጡ ሽማግሌ አሉ። ድንብላል ስፈልግ በምልክት ተግባባን። ልጅቷን ማን ናት ብለው ጠየቋት። «የአያቴ እንግዳ ናት፣ ከኢትዮጵያ» አለቻቸው። አንድ እስር ናና አንሥተው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱ። ልከፍል ስል እጃቸውን አወናጨፉ። «ለሻባት» አሉ፤ ለሰንበት ማለታቸው ነው። በሚቀጥለው ዓርብ ገና ከሩቅ አዩኝና ናናውን አዘጋጅተው ጠበቁኝ። እኔም ከሐበሻ ሱቅ የገዛሁትን ቆሎ ሰጠኋቸው። ጥርሳቸው ብዙ የለም፤ ተቀበሉኝና ኪሳቸው ከተቱት።

ሌላ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። መንገድ ዳር ትንንሽ ልጃገረዶች ቆመው ለሴቶች ሻማ ያድላሉ፤ ማታ እንዲያበሩት። አንዷ መጣችና ሁለት ሻማ ዘረጋችልኝ። መልኬን አይታ የእነሱ ወገን መስዬአት ነው። ምን ልበል? አንገቴ ላይ ማተብ አለ፤ ነጠላዬ ሸፍኖታል። ተቀብዬ ዝም ልበል? ከበደኝ። ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ ማተቤን አሳየኋት። ልጅቷ ቀላች፤ ከዚያ ሳቀች። ወታደሯ ልጃችን የሆነ ነገር አለቻት። ሻማውን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው፤ ለእማማ እንዳደርስ ነው። አደረስኩ።

ወደ ቤት የምንመለሰው አውቶብሶቹ ሳያቆሙ ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ከዚያ እስከ ቅዳሜ ማታ የለም። ሹፌሩ የዐረብኛ ዘፈን ከፍቷል፤ የሚወርደውን ሁሉ «ሻባት ሻሎም» እያለ ይሸኛል። እኔንም አለኝ። እኔም መለስኩለት። ከሁለታችን ሰንበቱ የማንም አልነበረም፤ ግን ደስ አለኝ።

ቤት ስትገቢ ቤቱ በሩጫ ላይ ነው። ውሃው በትልቁ ማፍያ ይሞላል። ፕላታ የሚሉት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ ዓርብ ይሰካና እስከ ቅዳሜ ድስቱ ላዩ ላይ ይውላል። መብራቱ በራሱ ሰዓት እንዲጠፋና እንዲበራ ይሞላል። ማቀዝቀዣውን ስትከፍቺ የምትበራዋ አምፖል እንኳ ዓርብ ትጠፋለች። አንዱን ስትረሺ ሃያ አራት ሰዓት ትቀጫለሽ።

ለእማማ ከጎንደር ንጥር ቅቤ ይዤላቸው መጥቼ ነበር። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ ሁሉም ገብቶበት እናቴ ራሷ ያነጠረችው። ዶሮው ሊወጣ ሲል ቆርቆሮውን ከፍቼ ማንኪያዬን ሰደድኩ። የእማማ ልጅ እጄን ከአየር ላይ ያዘችኝ። «የኔ እህት፣ ሥጋና ወተት እኮ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። እዚህ ቤት የሥጋው ድስት ለብቻ፣ የወተቱ ለብቻ ነው። የዕቃ ማጠቢያው ስፖንጅ እንኳ ቀዩ የሥጋ፣ ሰማያዊው የወተት ነው። ዶሮው የሚሠራው በዘይት ነው። እኔ ክው አልኩ። እሷ ግን ቆርቆሮውን ተቀብላኝ አሸተተችው። እንደገና አሸተተችው። ከዚያ ክዳኑን ገጥማ «ይሄ ለእሑድ ጨጨብሳ ነው፣ ማንም እንዳይነካው» ብላ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

ሥጋውን በላሽ ወይ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ጥያቄሽ ከዚህ ይሰማኛል። ገና ከመምጣቴ እማማ ለልጃቸው «የሷን ለይልኝ» አሏት። ማን ባረደው እንደምንል አልረሱም። ስሜን ሲስቱ ይህን አልሳቱም። በየዓርቡ ለኔ ምስርና ዓሣ በትንሽ ድስት ይሠራል። ማንም ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ድስቷ ራሷ ከትልቁ ድስት አጠገብ ትቀመጣለች። ዓርብ ማታ እዚያ ማዕድ ላይ ተቀምጬ የራሴን ድስት ሳይ ምን እንደሚሰማኝ ልጽፍልሽ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። አንቺ ብትኖሪ ይገባሽ ነበር።

ዳቦው ግን የጋራ ነው። የተጎነጎነውን ልጆቹ ይወዱታል፤ እማማ ግን የራሳቸው ዳቦ ካልቀረበ አይሆንም። ሊጡ ሐሙስ ማታ ይቦካል። ጥቁር አዝሙድ ይገባበታል። ድፎው ሲወጣ ቤቱ ሁሉ ወለቃን ይሸታል። ሁለት ዳቦ ነው የሚቀርበው። በምድረ በዳ ለሰንበት መና እጥፍ ይወርድ ስለነበር ነው ብለው የልጅ ልጆቹ አስረዱኝ። ሊጡን ስትለውሺ እማማ አጠገብሽ ከቆሙ አይዛነፉም። ውሃው ሲበዛ ያውቃሉ፣ ጨው ሲያንስ ያውቃሉ። እጃቸውን ሊጡ ላይ ሲያሳርፉ አእምሯቸው ተመልሶ ይመጣል። «አላሸሽውም፣ እሽት አድርጊው» ይሉኛል። እኔም ጌታዬ ይህች ሰዓት ባታልቅ እላለሁ።

ከዚያ ቡናው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱም ሰንበት ሳይገባ ማለቅ አለበት። የቅዳሜው ቡና በፔርሙዝ ይቀመጣል። እማማ የፔርሙዝ ቡና «የታመመ ቡና» ይሉታል፤ ግን ይጠጡታል። የፕላታውን ወጥ ግን አይነኩም። እሳት ጠፍቶ፣ ቀዝቃዛ በልተው ነው ሰንበትን ያከበሩት፤ ለእሳቸው የሞቀ ምግብ ሰንበት ላይ አይዋጥም። ልጆቹ ከፕላታው ትኩሱን ሲበሉ እሳቸው ከዳር የተቀመጠችውን የቀዘቀዘች ድርሻቸውን ይበላሉ። ሻማውንም አያበሩም። ወለቃ የሰንበት ሻማ አልነበረም፤ ልጃቸው ስታበራ ቆመው ያያሉ። ማንም አይጫናቸውም። ይህን ቤት የወደድኩት በዚህ ነው።

ሰንበት መግባቱን የሚያስታውቀው የከተማው ሳይረን የሚጮኸው ፀሐይ ልትጠልቅ 40 ደቂቃ ሲቀራት ነው። መጀመሪያ ስሰማው ጦርነት መጣ ብዬ ጠረጴዛ ሥር ልገባ ነበር። የጎንደር ሰው አይደለሁ፣ ድምፅ ያስደነግጠኛል። ወታደሯ ትከሻዬን ይዛ «አክስቴ፣ ይሄ ቀጥ ያለ ነው። የአደጋው ከፍ ዝቅ ይላል። ይሄ ሰላም ነው» አለችኝ። ከዚያ ከተማው ጸጥ ይላል። እማማ ግን ያኔ ነው የሚጀምራቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... «ሚጣስ?»

ባለፈው ዓርብ እራት ላይ ሳለን በር ተንኳኳ። የታች ፎቅ ጎረቤት ናቸው፣ ከሞሮኮ የመጡ አሮጊት። «ሰንበት ሰላም። ቤታችን እኮ ጨለመ። ሕፃኑ ጨለማ ይፈራል» አሉና ዝም ብለው ቆሙ። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ምን እንደፈለጉ አልገባኝም። ልጅቷ በጆሮዬ ነገረችኝ። መብራቱን አብሪልን ብለው ማዘዝ አይፈቀድላቸውም፤ እኔ ግን ከገባኝ በራሴ ላደርገው እችላለሁ። ተነሥቼ ወረድኩ። የቆጣሪውን ሳጥን ከፍቼ የወደቀውን ማብሪያ ወደ ላይ ገፋሁት። ሕፃኑ አጨበጨበ። አሮጊቷ አመሰግናለሁ አላሉም፤ ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው የሆነ ነገር መረቁኝና በሳህን ኬክ አስያዙኝ። ስመለስ እማማ ሰምተው ነበር። «ጎሽ» አሉ። «ጨለማ ውስጥ ሕፃን አይተውም።»

አያቴ ትዝ አለችኝ። ቅዳሜ እህል የማትፈጭ፣ ቀዳሚት ሰንበት ናት የምትል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ብለው በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ያጸኑትን የታሪክ መምህራችን ስንት ጊዜ ነገሩን! አንቺ ከኋላ ወንበር ተኝተሽ ነበር። ለእማማ ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝና «አያትሽ ቅዳሜ እንደማትፈጭ አውቃለሁ። ወፍጮዋ ዝም ሲል እንሰማ ነበር» አሉኝ። ማን ያውቅ ነበር? እኛ በአጥሩ ስናያቸው እነሱም ይሰሙን ኖሯል።

በይ እንግዲህ፣ ወደ ጉዳዬ። ከመሄዴ በፊት የሚቀረኝ የሚመጣው ዓርብ ብቻ ነው። እኔ እያለሁ እንድትደውዪ እፈልጋለሁ። ሐኪሙ የሚለው ብዙ ተስፋ የለውም፤ የዛሬ ዓመት ድምፅሽን ይለዩታል ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። አሁን ይለያሉ። ስለወንዙ ያለሽን ነገር አውቃለሁ። ፈርተሽ ይሆን እያልኩም አስባለሁ... ተሳስቼ ይሆናል፣ ተይው። ምንም ትልቅ ነገር መናገር አይጠበቅብሽም። «እማማ፣ ሚጣ ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ቤቴ ገብቻለሁ» በያቸው። ይህችን ብቻ።

ሰዓቱን ልብ በዪ። እዚህ 10 ሰዓት ላይ ይሁን፤ ላንቺ ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ነው። ሥራ ላይ ከሆንሽ አስፈቅደሽ ውጪ። ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ከሆነ አትድከሚ፣ ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ጮክ ብለሽ ተናገሪ፤ በቀኝ ጆሯቸው አይሰሙም፣ ስልኩን በግራው እይዝላቸዋለሁ። የአባትሽን ሞት አታንሺባቸው፤ አልተነገራቸውም። ልጆችሽንም ወደ ስልኩ አምጪያቸው፤ ብዙ ልጅ ሲቆጥሩ ደስ ይላቸዋል። ቁጥሩ ያው የድሮው ነው። ቶሎ ካልተነሣ ደግመሽ ሞክሪ፣ ሊጥ ላይ ሆነን ይሆናል።

እህትሽ